በአበልጅ ላይ አይቆለፍም

ተኛ ብለውታል። ሐኪሙ ተኛ ብሎታል፣ ክኒኑም ተኛ ይላል፣ አበልጁም ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦለት «በሞቴ ተኛ» ብሎ ለምኖታል፣ እንቅልፍ ግን ለማንም የሚታዘዝ አልሆነም። ረፋድ ላይ ነን። ከመጋረጃው ሥር ያመለጠች ፀሐይ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፣ ከፊት ለፊት አልጋ ላይ ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ያንኮራፋል፤ ከየት አገር እንደመጣ በቅጡ አይታወቅም፣ ሦስቱ በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት ሲኖሩ የተግባቡት በሰላምታና በእጅ ምልክት ነው፣ ለማንኮራፋት ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም። እሱ ደግሞ ቀኝ እጁን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ አስተማሪው አላየው እንዳለ ተማሪ፣ ኮርኒሱን ያያል። ሌባ ጣቱን እየበላው ነው። ሌባ ጣት ደግሞ የለውም። እሱንም የመሃል ጣቱንም የሲሚንቶ ሚክሰሩ ቺንጋ፣ ያ የሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ፣ ከወሰዳቸው ዛሬ አስራ አንደኛ ቀን ነው፣ አሁንም ግን ጫፉ ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር፣ ጉንዳን የገባበት ይመስል ያሳክከዋል፤ ግራ እጁን ሊያክበት ይሰዳል፣ እጁ ፋሻ ይነካና ባዶውን ይመለሳል። ወይ ጉድ! ያለውን ነገር ሲበላህ ታከዋለህ፣ የሌለውን ምኑን ታከዋለህ? ደግሞ እኮ ሌባ ነው እጁ የሚቆረጠው ሲባል ነበር የሚያውቀው፣ ሌባ ጣት ለብቻዋ ተለይታ ስትቆረጥ ያየ የለም። ይህን ቀልድ ለአበልጁ ነግሮት ነበር፣ በሦስተኛው ቀን፣ ትንሽ እንዲስቅለት ብሎ። አበልጁ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ወደ ኩሽና ሮጠ፣ የውሃ ቧንቧውንም ከፍቶ ብዙ ቆየ።

ፒንሳ ነው የሚሉት። ስሙ ሌላ ነው፣ ግን ገና ጋራዥ በገባ ሰሞን ዝጎ አልፈታ ያለ ብሎን በባዶ ጣቱ ሲፈታ ያየው ሜካኒክ «ይሄማ ፒንሳ ነው» አለ፣ በዚያው ፒንሳ ሆኖ ቀረ፣ በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው። ለጣቶቹ አልቅሶ ጨርሷል፤ ሆስፒታል እያለ ሽንት ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እንደ ሕፃን አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ወጥቷል። አሁን አንጀቱን የሚበላው ሌላ ነው። አስራ አንድ ቀን ሙሉ የልጁን ድምፅ አልሰማም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለምላሷ ሚጥሚጣ ብለው አውጥተውላታል፤ ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ የእናቷን ስልክ ነጥቃ የምትደውል፣ ሥራ ላይ ሆነ አልሆነ ደንታ የሌላት፣ አራት ጊዜ ካላነሳ አምስተኛ የምትደውል፣ ሰላምታ የማታውቅ፣ «አባ፣ ሰው ሲተኛ አፍንጫው ይተኛል?» ብላ የምትጀምር ልጅ። አሁን የለችም። አንድ ቀን ተኝታለች ተባለ። አንድ ቀን ጎረቤት ሄዳለች። አንድ ቀን እየታጠበች ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሚስቱ ምክንያት ያለቀባት ይመስል «እዚሁ ነች፣ ግን ዛሬ ደብሯታል» አለችው። ሚጥሚጣን? ደበራት? ሊቆጣ ፈለገና አፉን ያዘ፣ ምክንያቱም እሱስ ምን አለ? ካሜራው ተበላሽቷል አለ፣ ሥራ በዝቶብኛል አለ፣ ሁለት ጣት ስለጎደለው እጅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ውሸታም ውሸታምን በምን አፉ ይጠይቃል?

ረስታኛለች፣ ይላል ለኮርኒሱ። ልጅ የሚወደው የሚያየውን ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ በመስታወት ውስጥ የሚያወራ አባት አባት ነው ወይስ ቴሌቪዥን? ጥሏት ሲወጣ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስትሄድ የምትይዘው ይቺኑ ጣት ነው፣ መዳፏ ከዚያ በላይ አይበቃትም፤ ሌባ ጣቱን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ከቤት እስከ ሱቅ ትወስደዋለች፣ እሷ ናት የምትወስደው፣ እሱማ ወገቡን አጉብጦ ይከተላል፣ ድንጋይ ባየች ቁጥር ትቆማለች፣ ድንጋዩን ሰላም ትለዋለች፣ ሱቁ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ምን ሊገዙ እንደመጡ ሁለቱም ረስተውታል። በሄደ ቀን አልለቅም አለች። መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ያምባርቃል፣ ሻንጣው ተጭኗል፣ ሚስቱ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጣቶች ከእሱ ጣት ላይ አንድ በአንድ ታላቅቃለች፣ አንዱን ስታላቅቅ ያላቀቀችው ይመለሳል። «አሁን መጣሁ» ይላታል፣ «አሁን መጣሁ የኔ እናት፣ እዚህ ድረስ ነው።» አሁን መጣሁ ያለ ሰው ይኸው አምስት ዓመቱ። ያቺ ጣትስ የት ገባች? ፋሻ የምትቀይረውን ነርስ በምልክት ሊጠይቃት ሞክሮ ነበር፣ የት አደረጋችሁት ሊላት፣ እሷ ግን ያመመው መስሏት ክኒን ጨመረችለት። አገር ቤት ቢሆን አንድ የሚመለከተው ሰው አይጠፋም፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ጥግ ይቀብራታል፣ ቢያንስ ያለችበት ይታወቃል። እዚህ በምን ዕቃ ውስጥ እንደወደቀች እንጃ። ልጄ ይዛት ትሄድ የነበረች ጣት እኮ ናት፣ ማን ይንገራቸው?

ከሰዓት በኋላ የሴፍቲዋ ሴትዮ፣ አደጋውን የምትመረምረው፣ ትመጣለች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ትገባለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ በሩብ መቀመጫዋ ትቀመጣለች፣ በስልኳ ላይ በራሷ ቋንቋ ታወራለች፣ ስልኩ ደግሞ ወደ አማርኛ ይለውጥና በአዋጅ ነጋሪ ድምፅ «ክቡር ተጎጂ ሆይ፣ ሁኔታውን ያብራሩ» ይላል። ክቡር ተጎጂ! ዕድሜውን ሙሉ ክቡር ብሎት የሚያውቅ የለም፣ ለዚህ ማዕረግ ሁለት ጣት መክፈል ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ፊት የሌለው ሰው ተስሏል፣ ከጎኑ ሁለት ትልልቅ እጆች፣ ጣቶቻቸው ሙሉ፣ የጎደለውን ሰርዝ ይባላል፤ በግራ እጁ ሰርዟል። እሱ ቀላሉ ነበር። ከሥር ያለው ጥያቄ ነው ያቃተው፤ በማብሪያው አጠገብ የቆመው ሰው ቦታውን ለምን ለቀቀ? ሁለት ጊዜ አላውቅም አለ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ጻፈችው፣ ሁለት ጊዜም ዓይን ዓይኑን አየችው። እንዴት ብሎ ይንገራት? እውነቱን ቢናገር አበልጁ ይባረራል። ከዚያም ስልክ ሊያነሳልኝ ነው የሄደው ቢል፣ ማን ደወለ ትለዋለች፣ የልጁን ስም በዚያ ወረቀት ላይ ሊያስጽፍ ነው። ምን ቆርጦት!

የቁልፉ ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ማሽን በሚጠግኑበት በዚህ የሕንፃ ግንባታ ሥራ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ሰው ቀይ ጓጉንቸር ይሰጠዋል፣ ፎቶው የተለጠፈበት፣ መክፈቻው አንድ ብቻ። ማሽን ልትነካ ነው? ታጠፋለህ፣ ማብሪያው ላይ ጓጉንቸርህን ትቆልፋለህ፣ መክፈቻውን ኪስህ ትከታለህ፣ ከዚያ በኋላ እጅህን ትሰዳለህ። የገዛ ወንድምህ ማብሪያው አጠገብ ቢቆምም ቆልፍ፣ ተባለ በስልጠናው ቀን። ሁለቱ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ተጎሻሸሙ፤ «ምን ዓይነት አገር ነው፣ ሰው በወንድሙ ላይ የሚቆልፍበት» አለ አበልጁ። አበልጅ ሲባል ደግሞ ለአፍ ያህል እንዳይመስል፤ ሚጥሚጣን ክርስትና ያነሳቻት የዚህ ሰው ሚስት ናት፣ ሁለቱ ወንዶች በአንድ ሰፈር አድገው፣ በአንድ ጋራዥ ሠርተው፣ በአንድ አውሮፕላን የመጡ ናቸው፣ ያኔ ፒንሳ መስኮት አጠገብ አልቀመጥም ብሎ ሲፈራ ቦታ የቀየረለትም እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፒንሳ እንደ ደንቡ ቆለፈ። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል የአበልጁ ፊት ተለወጠ።

«እኔን ነው?»

«ኧረ ደንቡ ነው።»

«ደንቡማ ደንብ ነው። እኔ እዚህ ቆሜ በእኔ ላይ ትቆልፋለህ? እሺ፣ ቆልፍ። ደግ አደረግክ።»

ቀኑን ሙሉ አላናገረውም፣ ምሳውንም ዞር ብሎ ለብቻው በላ። ፒንሳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። እኛ ዘንድ የሚቆለፈው በሌባ ላይ ነው፣ ጎረቤት ቁጭ ብሎ ሳጥንህን ብትቆልፍ ሰደብከው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። በማግስቱ ቀዩ ጓጉንቸር ሻንጣው ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማሽን ሲከፈት አበልጁ ማብሪያውን በጀርባው ከልሎ ይቆማል፣ ፒንሳ እጁን ይሰዳል፣ ወሬያቸውን ይሰልቃሉ፤ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሠሩ አንዲት ጥፍር አልተጫረችም። አይ ሁለት ዓመት! ሰውን እንደዚህ የሚያሞኝ ነገር የለም። አሁንማ ለሁሉም ስልጠናው ተደግሟል፣ ቁልፍ ያልያዘ በር አያልፍም ተብሏል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የአደጋው ቀን ከሰዓት ነው፣ የሕንፃው አራተኛ ፎቅ፣ የለሳኞቹ ሚክሰር ያቃስታል፣ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተታል። አበልጁ ያጠፋል፣ በጀርባው ይከልላል። ፒንሳ ሽፋኑን ይፈታል፣ ቺንጋውና መዘውሩ መሃል የደረቀውን ሲሚንቶ ለመቆርቆር ጓንት ያጠለቀ እጁን ያስገባል። ጃኬቱ እዚያ ማዶ ብረት ላይ ተሰቅሏል፣ ስልኩ ጃኬቱ ውስጥ ነው፣ ይጮሃል። ሰዓቱን ሳያዩ ያውቋታል፣ ከሷ በቀር በዚህ ሰዓት የሚደውል የለም። «ሚጥሚጣ ናት» ይላል አበልጁ እየሳቀ። ፒንሳ ተዋት ደግማ ትደውላለች ቢል ምን ነበረበት? ደግማ እንደምትደውል እኮ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም! እሱ ግን ድምፅዋ እንዳያልፈው ሳሳ። «አንሳልኝ፣ አሁን መጣ በላት» አለ። አራት እርምጃ ቢሆን ነው። አበልጁ ጀርባውን ከማብሪያው አነሳ። ለሳኙ በሌላው በኩል ባዶ ባልዲውን እያንጠለጠለ መጣ፣ የማሽኑ ሆድ ፒንሳን ሸፍኖታል፣ ማብሪያው ጋ ሰው የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ምን ያድርግ ሰውየው፣ ልስኑ እየደረቀበት ነው፣ አረንጓዴውን ተጫነ። መጀመሪያ የተያዘው ጓንቱ ነው። ከዚያ አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ማነው እንደዚህ የሚጮኸው ብሎ እስኪገረም ድረስ ነበር፣ ራሱ ነው ለካ። ሆስፒታል ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እጁ አይደለም። «ስልኩንስ? አንስተኸው ነበር?» አለ። አበልጁ የተቀመጠበትን ወንበር ያዝ አደረገና «ሳልደርስ ተቋረጠ» አለው። ተመስገን አለ ፒንሳ። ያን ዕለት በዓለም ላይ ሁለት ጣቱን አጥቶ ተመስገን ያለ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ አበልጁ ሌላ ሰው ሆኗል። ያ ሲያወራ አድሮ ሲያወራ የሚውለው ሰውዬ ፀጥ ብሏል፤ የፒንሳን ጫማ ያስራል፣ የሸሚዙን ቁልፎች ይቆልፍለታል፣ ራሱን ያጥብለታል፣ ሩዙን በማንኪያ ሊያጎርሰው ሲል «ግራ እጄ አልሞተም እኮ» ይባልና ማንኪያውን ያስቀምጣል። ዓይን ለዓይን ግን አይገጣጠሙም። አንድ ጊዜ ሳሙናውን ከፀጉሩ ላይ እያፈሰሰለት «ያኔ ቆልፍ ብልህ ኖሮ» አለ፣ ሳይጨርሰው ውሃውን ጨመረበት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህን ያሰበው ፀሐይዋ ከወለሉ ወደ ግድግዳው መውጣት ስትጀምር ነው፣ ብድግም አለ። ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ተኝታለች አይባልም፣ ረፋዱ አልፏል። ስልኩን በግራ እጁ ጎትቶ አነሳ፣ ዘበኛውን እንዳይቀሰቅስ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸጎጠ፣ ደወለ።

«ምነው በዚህ ሰዓት? ሥራ የለህም እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«እረፍት ወጥተን ነው። ሚጥሚጣን ስጪኝ።»

«እየተጫወተች...»

«በሞቴ አትዋሺኝ። ተቀይማኛለች? ረስታኛለች? እሱም ቢሆን ይነገረኝ፣ እንደ ባዳ አታሹፉብኝ።»

«አትዋሺኝ ትላለህ ደግሞ!» አለችና በስሙ ጠራችው፣ ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ። «አስራ አንድ ቀን ሙሉ ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅህ፣ ካሜራው ተበላሸ ትለኛለህ። ስልኩ ክፍት ነበር እኮ!»

«የቱ ስልክ?»

«ያን ቀን የደወለችልህ ነዋ። አበልጃችን አንስቶ፣ አባትሽ እጁ ሥራ ላይ ነው፣ አሁን ይመጣል ብሏታል። ከዚያ አንተ ጮኽክ። ስልኩ ወድቆ ነው መሰለኝ አልተዘጋም። እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ስገባ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ ድርቅ ብላ ቆማለች። ነጥቄያት ሳዳምጥ እኔም ሰማሁህ። እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ማልቀስ ጀመረች። «ማታ አበልጃችን ደወለና ሁሉንም ነገረኝ፣ ራሱ ይንገርሽ ብሎ አስማለኝ። አሁን ስልክ ሲጠራ አልጋ ሥር ትገባለች። እኔ ስደውል ነው የተቆረጠው ትላለች። ብነግራት፣ ብለምናት፣ እሺ አትለኝም።»

ብርድ ልብሱ ውስጥ አየር አጠረው። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ረሳችኝ ብሎ ልጁን ሲያማ፣ እሷ ደግሞ በሰባት ዓመቷ ይህን ተሸክማ አልጋ ሥር ገብታለች። አሁን አጠገቧ ቢሆን፣ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ አብሯት አልጋው ሥር ቢገባ፣ ምንም ሳይናገር ቢቀመጥ፣ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር፤ ግን ከዚህ እዚያ የሚገባው ድምፁ ብቻ ነው።

«አሁንስ የት ናት?»

«አልጋ ሥር ነዋ። ስትደውል ጊዜ ገባች።»

«ድምፁን ከፍ አድርጊና ስልኩን ወለሉ ላይ ወደሷ ግፊው። አንቺ ውጪ።»

ስልኩ ሲሚንቶውን ሲፍቅ ሰማው። በር ተዘጋ። ከዚያ ትንፋሽ፣ ትንሽዬ፣ ፈጣን፣ የሚያውቀው ትንፋሽ።

«ሚጥሚጣ» አለ። «ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ፣ ብቻ ስሚኝ። ለአባ ቁልፍ ተሰጥቶት ነበር። ማሽን ስትነካ ቆልፍ ብለውት ነበር። አባ አልቆለፈም። ቆልፎ ቢሆን መቶ ጊዜ ብትደውዪ ማሽኑ አይነሳም ነበር። ስልክ ጣት አይቆርጥም፣ የኔ ዓለም። አንቺ አይደለሽም፣ አበልጃችንም አይደለም። እኔ ነኝ።» አፉ ይህን ሲል ለሴፍቲዋም ከሰዓት የሚነግራት ይኸው መሆኑ ገባው፣ አልቆለፍኩም፣ በቃ፣ የመጣው ይምጣ።

ዘበኛው ተገላበጠ።

«ለምን አልቆለፍክም?»

ድምፅዋ ነው! «አፍሬ» አለ።

«ማንን?»

«አበልጃችንን። አጠገቡ ቆሞ ስቆልፍ ሌባ ያልኩት እንዳይመስለው።»

«ሌባ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይመስለዋል?»

ይህን ጥያቄ ሁለት ጎልማሶች በሁለት ዓመት አልጠየቁትም። «ሞኝ ሆነን ነው» አለ ፒንሳ።

«አሁን ስንት ጣት አለህ?» አለች።

«ስምንት።»

«ይበቃሃል?»

ሳቁ አመለጠው፣ ሳቁን ተከትሎ እንባው፣ በፋሻው አፉን አፈነ። «አብቃቅቼ እሠራበታለሁ» አላት። አቧራ ላይ በጣቷ የሆነ ነገር ስትጭር ይሰማል።

«አባ፣ እንደገና ብደውልልህስ?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ሥራ ላይ ብትሆንስ?»

«ደውዪ። ስትደውዪ መጀመሪያ እቆልፋለሁ፣ ከዚያ ነው የማነሳው። ካዘገየሁብሽ እንዳትደነግጪ። አባ እየቆለፈ ነው በዪ።»

«እየቆለፈ ነው ልበል?»

«እየቆለፈ ነው በዪ።»

«እሺ። ዝጋውና ልሞክር።»

ዘጋው። ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ክፍሉ በፀሐይ ሞልቷል። አልደወለችም። ፈርታ ይሆን? እናቷን ልጥራላት ይሆን? መልሶ ሊደውል ሲል ስልኩ ጮኸ። እጁ ሊያነሳ ተንደረደረ፣ ያዘው። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ዘበኛው አንድ ዓይኑን ገልጦ በማይታወቅ ቋንቋ አንሳው እንጂ የሚል የሚመስል ነገር አጉረመረመ። ፒንሳ በታሰረው እጁ ቆይ አለው። ሦስቴ ጠራ። እዚያ አልጋ ሥር በአቧራው ላይ በሆዷ ተኝታ እየቆለፈ ነው፣ እየቆለፈ ነው ስትል ታየው። በአምስተኛው አነሳ።

«ቆለፍክ?»

«ቆለፍኩ።»

«በል ስማኝ» አለችና የአስራ አንድ ቀን ወሬዋን ጀመረች።